እናትሽን ይዘሽ ሂጂ፤ አስጎብኚውን ግን ለሁለት ሰዓት ብቻ ያዢ

ጥያቄ፦

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ነው። ነርስ ነኝ። እናቴ ለሁለት ወር ልትጠይቀኝ መጥታለች። 71 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል፤ ከአማርኛ ሌላ ቋንቋም አትችልም። እኔ ሥራ ስውል እሷ መስኮት ዳር ቁጭ ብላ መንገድ ስታይ ትውላለች። አንጀቴን ትበላኛለች። ሳሎን የሰቀልነው ካሌንደር ላይ የሮተንቡርግ ፎቶ አለ። ያ ግንብ ያለው የመካከለኛው ዘመን ከተማ። አንድ ቀን ትክ ብላ አይታው "ይሄ እውነት ነው? ሰው ይኖርበታል?" አለችኝ። ያን ቀን ልወስዳት ወሰንኩ። ዕረፍቴ ሐሙስ ነው። አንድ ድርጅት ከቤታችን በር አንስቶ የሚመልሰን፣ ለኛ ብቻ የሆነ መኪና ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ አስጎብኚ ጋር ለ10 ሰዓት አቀረበልኝ። ዋጋው ግን ከበድ ይላል። መኪና አለን፤ ባለቤቴም መንዳት ይችላል። እሱ ግን "በቡድን በአውቶቡስ ብትሄዱ በሲሶው ዋጋ ታዩታላችሁ፤ ድንጋይ ለማየት ይህን ሁሉ ገንዘብ?" ይላል። የግል አስጎብኚ ያን ያህል ያስፈልጋል? ጥሩውን እንዴት ልለየው? ደግሞስ እናቴ ትደሰታለች? እህታችሁ ከፍራንክፈርት»

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

ከሁሉ በፊት የእናትሽን ጥያቄ ልመልስ። አዎ፣ እውነተኛ ከተማ ነው። ሰውም ይኖርበታል። ወደ 11 ሺህ ነዋሪ አለው። ማታ ቱሪስቱ ሲበተን በየመስኮቱ መብራት ይበራል። ይህን ንገሪያቸው። ጥያቄያቸው ለኔ ብዙ ነገር ነግሮኛል። ፎቶ አይተው «ሰው ይኖርበታል?» ብለው የሚጠይቁ እናት፣ ሄደው ድንጋይ ብቻ አይተው አይመለሱም። ስለዚህ ትደሰታለች ወይ ላልሽው መልሴ አዎ ነው። ቀኑ ግን በሳቸው ልክ መሰፋት አለበት።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። የቀረበልሽን የሙሉ ቀን ጉዞ አትውሰጂው። በቡድን በአውቶቡስም አትሂዱ። ባለቤትሽ ይንዳና በራሳችሁ መኪና ሂዱ። እዚያ ስትደርሱ፣ እዚያው ከተማ ውስጥ የሚሠራ አስጎብኚ ለሁለት ሰዓት ብቻ ያዢ።

ለምን መሰለሽ? ከፍራንክፈርት ሮተንቡርግ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ ካልተጨናነቀ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ደርሶ መልስ አራት ሰዓት ሆነ። ከሚሸጡልሽ 10 ሰዓት ውስጥ አራቱን የምትከፍይው አውራ ጎዳና ላይ ለመቀመጥ ነው። ሌላም ነገር አለ። ጀርመን ውስጥ በክፍያ ሰው የሚያጓጉዝ ሾፌር ከተራው መንጃ ፈቃድ ሌላ ተጨማሪ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ይህ ፈቃድ የሌለው አስጎብኚ ብዙ ነው። ስለዚህ መኪና ያለበት ጥቅል ስትገዢ ወይ ለሁለት ሰው ነው የምትከፍይው፣ ወይ ደግሞ መንዳቱን ለሚችል፣ ከተማውን ግን ከላይ ከላይ ለሚያውቅ ሰው። እዚያው የሚኖር ሰው ግን የትኛው አግዳሚ ወንበር ጥላ እንዳለው ጭምር ያውቃል። ለጉልበት ሕመምተኛ ይህ ትልቅ እውቀት ነው።

መኪናው ባይመቻችሁ በባቡርም ይቻላል። እስከ ቩርትስቡርግ በፈጣኑ ባቡር፣ ከዚያ በክልሉ ባቡር እስከ ሽታይናኽ፣ ከሽታይናኽ ደግሞ ሩብ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ሮተንቡርግ። ሁለት ጊዜ መውረድና መሳፈር ግን አለው። በሳቸው ጉልበት እኔ መኪናውን እመርጣለሁ።

ባለቤትሽ ስለ ዋጋው በማሰቡ አልፈርድበትም። ገንዘብ በላብ ነው የሚመጣው። የአውቶቡሱን ነገር ግን እኔም አይቼዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አክስቴን ይዤ በቡድን ወደ ሌላ አሮጌ ከተማ ሄድኩ። አርባ ምናምን ሰው ነበርን። አስጎብኚዋ ጥሩ ሴት ነበረች፤ ግን ያን ሁሉ ሰው ይዞ ማን ቆም ሊል ይችላል? አክስቴ አንድ በር ላይ የተቀረጸ አንበሳ አየችና ቆመች። ዞር ስንል ቡድኑ የለም። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ስንከተል ዋልን። ማታ ቤት ስንገባ ምን አየሽ ሲሏት «የሰው ጀርባ» አለች። ያቺ መልስ እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣችም። ያን አንበሳ አሥር ደቂቃ ብታየው ምን ነበረበት?

ከግል አስጎብኚ የምትገዢው ያንን አሥር ደቂቃ ነው። እናትሽ ሲቆሙ የሚቆም፣ ሲቀመጡ አብሮ የሚቀመጥ ሰው። ደግሞ የግል አስጎብኚ ብዙ ጊዜ የሚያስከፍለው በነፍስ ወከፍ አይደለም፤ ለቡድኑ በአንድ ላይ ነው። ሁለት ብትሆኑም አምስት ብትሆኑም ዋጋው ያው ነው። ባለቤትሽም፣ ሌላ ዘመድ ካለም አብሮ ቢመጣ ሒሳቡ ይቀላል። ይህን ለባለቤትሽ ንገሪው።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያነሳው ነገር ልግባ። ለኔ ከሁሉም የከበደው እሱ ነው። አስጎብኚው የሚያወራው በጀርመንኛ ወይም በእንግሊዝኛ ነው። እናትሽ የሚሰሙት አማርኛ ነው። መሐል ላይ ያለሽው አንቺ ነሽ። ማለትም የዕረፍት ቀንሽን በአስተርጓሚነት ልታሳልፊ ነው። አስጎብኚ ደግሞ የሚወደውን ሥራ ስለሚሠራ አንዴ ከጀመረ አያቆምም። አምስት ደቂቃ ያወራል፤ አንቺ የመጀመሪያውን ስትተረጉሚ የመጨረሻው ይጠፋብሻል። ሰዓቱ ሲገፋ ይደክምሻል። ሲደክምሽ ትርጉሙ ያጥራል። «ድሮ የተሠራ ነው አለ» ላይ ይቆማል። እናትሽም ልጃቸው እንደደከመች ያዩና «ተይው ልጄ፣ ገባኝ» ይላሉ። አልገባቸውም። አንቺን ሊያሳርፉ ነው።

ይህ እንዳይሆን አስቀድመሽ ተነጋገሪ። ሠላሳ ታሪክ አንፈልግም፤ አራት ይበቃናል በይው። እያንዳንዱን በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር፣ ቆም እያለ ይንገራችሁ። የነገሥታቱን ስም ዝርዝር ይተወው። አንቺ ደግሞ ታሪኮቹን ሳትሄጂ እወቂያቸው። ቀድመሽ የምታውቂውን መተርጎም አዲስ ነገር ከመተርጎም በጣም ይቀላል። እኔ ለእናትሽ የምመርጥላቸውን ልንገርሽ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው የቤቶቹ ነገር ነው። ካሌንደሩ ላይ እንዳየሻቸው፣ የእንጨት ቋሚና ማገራቸው ከውጭ የሚታይ ቤቶች ናቸው። በጥንቱ አሠራር በእንጨቶቹ መሐል ያለውን ክፍተት በምን ይሞሉት እንደነበር ታውቂያለሽ? ቀጫጭን እንጨት ያጠላልፉና ጭቃ ከጭድ ጋር አቡክተው ይመርጉበታል። በላዩ ኖራ ይቀባል። እህቴ፣ ይህን ለእናትሽ ማንም ማስረዳት የለበትም! ጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ምርጊት ያውቃል። ጭዱ ለምን እንደሚገባ፣ ጭቃው እንዴት እንደሚቦካ ቢጠየቁ ከአስጎብኚው በላይ ሊያስረዱ ይችላሉ። እዚህ ጋ ትርጉሙን ገልብጪው። እሳቸው ይናገሩ፣ አንቺ ለአስጎብኚው ተርጉሚ። እንግዳ አገር መጥቶ ሁለት ወር ሙሉ የሚነገረውን ብቻ ሲሰማ ለከረመ ሰው፣ አንድ ጊዜ እንኳ አዋቂ ሆኖ መናገር ምን ማለት እንደሆነ አስቢው። ጥሩ አስጎብኚም በዚህ ይደሰታል።

ሁለተኛው የቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከዋናው አደባባይ፣ ከማርክትፕላትስ ጥቂት እርምጃ ነው። ግንባታው የተጀመረው በ1311 ሲሆን ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል። ዛሬ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ነው። እናትሽ የሚወዱት ግን ላይኛው ፎቅ ላይ ያለውን ነው። ቲልማን ሪመንሽናይደር የሚባል ቅርጻ ቅርጽ ሠሪ ከ1501 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት የሠራው የእንጨት ሥራ አለ። ቀለም አልተቀባም። የጌታ ደም ጠብታ አለበት ተብሎ የሚታመን ክሪስታል ከላይ መስቀሉ ውስጥ ተቀምጧል፤ በመካከለኛው ዘመን ምእመናን እሱን ሊሳለሙ ከሩቅ ይመጡ ነበር። መሐሉ ላይ የተቀረጸው የጸሎተ ሐሙስ እራት ነው። ለእናትሽ ግን «ጌታ የት አለ?» ብለሽ አትጠይቂያቸው። «መሐል የቆመው ማነው?» በያቸው። መሐል ላይ የቆመው ይሁዳ ነው። ሠሪው ከሐዲውን መሐል አቁሞ ጌታን ወደ ጎን አድርጎታል። ጌታ ቁራሽ ሲሰጠው ይታያል። እናትሽ ወንጌሉን ያውቁታል፤ ፊቶቹን አንድ በአንድ ያነቡታል። እዚህ ምንም መተርጎም አያስፈልግሽም። አስጎብኚውንም ለአምስት ደቂቃ ዝም እንዲል ለምኚው።

ችግሩ ደረጃው ነው። ወደዚያ የሚወጣው በደረጃ ነው። ስለዚህ የቀኑን ጉልበት ለዚህ ያስቀምጡ። ሌላ ምንም ደረጃ አይውጡ። ያን ቀን ጉልበታቸው እምቢ ካለ ደግሞ አትዘኑ። ታች መቅደሱ ጋ በፍሪድሪክ ኸርሊን የተሳለ የ1466 የመሠዊያ ሥራ አለ። ከጀርባው ካሉት ሥዕሎች በአንዱ ላይ የዚያ ዘመን የሮተንቡርግ አደባባይ ይታያል። ሥዕሉን አይተው፣ ወጥተው አደባባዩን ይዩት። ከ550 ዓመት በላይ ልዩነት በአንድ በር መውጣት ነው። የመክፈቻ ሰዓቱ እንደ ወቅቱ ይለዋወጣልና ሳትሄጂ አረጋግጪ። የመግቢያ ክፍያም አለው።

ሦስተኛው ታሪክ የሚነገረው ተቀምጦ ነው። ከአደባባዩ ሄርንጋሰ የሚባለውን ሰፊ መንገድ ይዛችሁ ወደ ምዕራብ ስትሄዱ፣ ግማሽ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ቡርግጋርተን የሚባል የአትክልት ቦታ ትደርሳላችሁ። ድሮ ቤተ መንግሥት የነበረበት ነው። በ1142 የጀርመኑ ንጉሥ ኮንራድ ሦስተኛ ያስጀመረው ሲሆን፣ በ1356 የመሬት መንቀጥቀጥ አፈረሰው። ዛሬ ዛፍ፣ አበባና መቀመጫ ነው። ከታች የታውበር ወንዝ ሸለቆ ይታያል። እዚህ ላይ የራቢ ሜይርን ታሪክ ንገሪያቸው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ ከተማ ያስተማሩ ታላቅ የአይሁድ መምህር ነበሩ። ከአገር ሊወጡ ሲሉ ተይዘው ንጉሥ ሩዶልፍ አሰራቸው። ወገኖቻቸው ብዙ ገንዘብ ሰብስበው ሊያስፈቷቸው ሲሉ እሳቸው እምቢ አሉ ይባላል። እኔ ዛሬ በገንዘብ ከተፈታሁ ነገ ሌላ መምህር ይዘው ደግመው ይጠይቋችኋል ብለው ነው። በ1293 እስር ቤት እንዳሉ አረፉ። አስከሬናቸው እንኳ የተሰጠው ከ14 ዓመት በኋላ፣ አንድ ባለጸጋ ከፍሎ ነው። ያ ሰው ለድካሙ የጠየቀው ከጎናቸው መቀበርን ብቻ ነበር። ሁለቱም ዎርምስ ከተማ ጎን ለጎን ተቀብረዋል። ከራቢው ሞት አምስት ዓመት በኋላ፣ በ1298፣ የሮተንቡርግ አይሁዶች ተጨፈጨፉ። መታሰቢያ ድንጋያቸው እዚያው አትክልት ቦታ ውስጥ አለ። ብዙ አስጎብኚ ቀኑን ላለማደብዘዝ ይህን ይዘልለዋል። እኔ ግን ይነገር ባይ ነኝ። ከተማው አበባና ቀለም ብቻ አልነበረም። የ71 ዓመት እናት ደግሞ ኀዘንን ከማናችንም በላይ ያውቃሉ።

አራተኛው ታሪክ የሳቸው ጥያቄ መልስ ነው። «ይሄ እውነት ነው?» ብለው አልነበር? እውነት ነው፤ ግን አንዴ ፈርሶ ነበር። ማርች 31 ቀን 1945 የአሜሪካ አውሮፕላኖች ቦምብ ጥለው ወደ 40 በመቶ የሚሆነውን አሮጌ ከተማ አወደሙት። ሰውም ሞተ። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ የአሜሪካ ጦር ከተማው ደጃፍ ደረሰ። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ጦር ሚኒስቴር ረዳት ኃላፊ የነበረው ጆን ማክሎይ ከተማው በመድፍ እንዳይመታ አደረገ። ለምን ቢባል፣ ሮተንቡርግን ከልጅነቱ ያውቃታል ይባላል። እናቱ ድሮ ጎብኝታት ስለነበር፣ ሥዕሏ ቤታቸው ነበር። አየሽ፣ አንዲት እናት ለጉብኝት ሄዳ ይዛው የመጣችው ሥዕል። ከተማዋ ተኩስ ሳይከፈት እጇን ሰጠች። ከጦርነቱ በኋላ የተመታው ግንብ ሲጠገን ገንዘብ ከብዙ አገር መጣ። ለአንድ ሜትር ግንብ የከፈለ ሰው ስሙ ድንጋይ ላይ ተጽፎለታል። ስሞቹ ግንቡ ላይ ስትሄጂ ዛሬም ይነበባሉ።

ግንቡ ላይ ግን እናትሽ አይውጡ። ጣራ ያለው ጠባብ መተላለፊያ ነው፤ የሚወጣበት ደረጃም ቀጥ ያለ ነው። ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህሉ በእግር ይኬዳል። ባለቤትሽ ይውጣና ስሞቹን ፎቶ አንስቶ ያምጣላቸው። «ድንጋይ ለማየት» ላለው ጥሩ መልስ ይሆነዋል። የማዘጋጃ ቤቱን ግንብም እሱ ከፈለገ ይውጣው፤ 220 ደረጃ ነው። ፕሎንላይን የምትባለውን፣ ሁሉም ፎቶ የሚያነሳባትን ሁለት መንገድ የሚገናኝባትን ቦታ ግን አትለፏት። ካሌንደራችሁ ላይ ያለው ፎቶ የሷ ይመስለኛል። ቁልቁል ትወርዳላችሁ፣ ስትመለሱ ዳገት አለው። ቀስ ብሎ ነው። አደባባዩ ላይ ደግሞ በየሰዓቱ መስኮት የሚከፈትበት የግድግዳ ሰዓት አለ። በ1631 ጦርነት አንድ የቀድሞ ከንቲባ ሦስት ሊትር ከሩብ ወይን በአንድ ትንፋሽ ጠጥቶ ከተማዋን ከጥፋት አዳናት የሚለውን አፈ ታሪክ ያሳያል። አምስት ደቂቃ ቆማችሁ አይታችሁ እለፉ።

ባለቤትሽ መንገድ ላይ እየነዳ፣ ከተማው ለምን እንዲህ እንዳለ ቀረ ብሎ ከጠየቀሽ ይህን በይው። ሮተንቡርግ በ1274 ነፃ የንጉሠ ነገሥት ከተማ፣ ማለትም በቀጥታ ለንጉሠ ነገሥቱ ብቻ የምትገዛ ተብላ ሀብታም ነበረች። ከሠላሳው ዓመት ጦርነት (ከ1618 እስከ 1648) በኋላ ግን ደኸየች። ቤት አፍርሶ በዘመኑ ፋሽን የሚሠራ ገንዘብ አልነበራትም። ሌሎች ከተሞች ሲታደሱ እሷ በነበረችበት ቀረች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊዎችና ተጓዦች መጥተው ሲያዩአት፣ ማጣት ያቆየላት መልክ ሀብቷ ሆነ።

አስጎብኚውን ስለ መምረጥ። ጀርመን ውስጥ «አስጎብኚ» የሚለው ስም በሕግ የተጠበቀ አይደለም። ማንም ራሱን እንዲያ ሊል ይችላል። ስለዚህ ከኢንተርኔት ያገኘሽውን ከመያዝሽ በፊት የከተማውን የቱሪዝም ቢሮ ጠይቂ። አደባባዩ ላይ ነው፤ አስጎብኚዎችን ያገናኛል። ዋጋው ለሁሉም በአንድ ላይ መሆኑን፣ የቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ ይጨመር አይጨመር፣ ብትታመሙና ብትቀሩ ምን እንደሚሆን በጽሑፍ ያዢ። አንዳንዱ አስጎብኚ በጥሬ ገንዘብ ነው የሚቀበለው፤ ዩሮ ያዢ። ቲፕ ግዴታ አይደለም። ደስ ካላችሁ ግን ጥቂት ጨምሪለት።

ሰዓቱ ወሳኝ ነው። የቱሪስት አውቶቡሶች የሚበዙት ከረፋዱ እስከ ከሰዓት በኋላ ነው። ከቤት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ውጡ። በጀርመኑ ሰዓት 7 ማለቴ ነው። 3 ሰዓት ላይ ትደርሳላችሁ። መኪና ማቆሚያዎቹ ከግንቡ ውጭ ናቸው፤ ቁጥር አላቸው። ባለቤትሽ እናንተን በሩ አጠገብ አውርዶ ከዚያ ያቁም። አንድ ቦታ ተቀምጣችሁ ሻይ ጠጡ፤ ከመንገድ ወርደው ወዲያው ጉብኝት አይጀምሩ። አስጎብኚው 3:30 ላይ ይምጣ፣ 5:30 ላይ ያብቃ። ከዚያ ምሳ ብሉና በቀሪው ጊዜ እናትሽ ወደወደዱት ቦታ ብቻ ተመለሱ። አንድ ቦታ ይመርጣሉ፤ ታያለሽ። 9 ሰዓት ላይ ወደ ቤት። የገና ገበያ ሰሞን ከሆነ ሕዝቡ ይጨናነቃልና ለሳቸው አልመክርም።

ሐሙስ መሆኑ ጥሩ ነው። የሚጾሙ ከሆነ ረቡዕና ዓርብ ምሳው ይቸግር ነበር። ሽኔባል የሚሉት፣ እንደ ኳስ የተጠቀለለ የተጠበሰ ሊጥ በየሱቁ መስኮት ታያላችሁ። እንቁላልና ቅቤ አለበት፤ የጾም ወቅት ከሆነ ንገሪያቸው። መንገዱ ኮብልስቶን ነው። አዲስ ጫማ አይደረግም፤ የለመዱት፣ ሶሉ ወፍራም የሆነ ይሁን። ምርኩዝ የማይወዱ ከሆነ ያንቺ ክንድ ይበቃል። የሕዝብ መጸዳጃ ሳንቲም ሊጠይቅ ስለሚችል ቦርሳሽ ውስጥ ያዢ። ፓስፖርታቸውንና መድኃኒታቸውንም አትርሺ።

ለአስጎብኚው የምትልኪውን መልእክት እዚህ ጻፍኩልሽ። ወደ ጀርመንኛ አንቺ መልሺው።

«ሰላም። ሐሙስ ጠዋት የ71 ዓመት እናቴን ይዤ እመጣለሁ። ሦስት ሰው ነን። እናቴ የምትናገረው አማርኛ ብቻ ነው፤ እኔ እተረጉማለሁ። ስለዚህ አጫጭር ታሪክ፣ ቆም እየተባለ ቢነገረን ደስ ይለናል። ጉልበቷን ያማታል። ቀስ ብለን፣ እየተቀመጥን ነው የምንሄደው። በሁለት ሰዓት ውስጥ አራት ቦታ ይበቃናል። ለእርሷ የትኞቹን ይመርጡላታል? ለሦስታችን በአንድ ላይ ዋጋው ስንት ነው? መሐል ላይ ቢደክማትስ ምን እናደርጋለን?»

ይህን ለሁለት ሦስት ሰው ላኪ። ዋጋ ብቻ ጽፎ የሚመልስልሽን ተዪው። «ደረጃ ስንት ይችላሉ? ወንበር በየስንት ደቂቃው ያስፈልጋቸዋል?» ብሎ መልሶ የሚጠይቅሽ ካገኘሽ፣ ሌላ አትፈልጊ። በዚያው ቀን ሐሙሱን አስይዢው።